ሃያ ሁለተኛው ቀለበት

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም፣ ቃልቻ ቤት የሚሄድ ሰው ሳይ እየሳቅኩ የማሳፍር ሰው ነኝ፣ እስከ ስድስተኛ ክፍልም ተምሬያለሁ፣ ጅል አይደለሁም። ይሄን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ካላመንከኝ ሰይድን ጠይቀው፣ በአፉ ቢክድ እንኳ ፊቱ ይነግርሃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር አዳራሽ ይሠራ ብሎ ተነሳና እኔና ጓደኛዬን ሰይድን፣ መጋዝ የምንስብ እኛ ስለሆንን፣ ጫካ ላከን። «ያላደጉትን ቁረጡ፣ በሽተኞች ናቸው» አለ። ከነዚያ «በሽተኞች» አንዱ አባቴ እኔ ክርስትና የተነሳሁ ዕለት የተከሉት ጽድ ነው! አጠገቡ በዚያው ቀን የተተከለው ወገብ አክሏል፣ የእኔው ከክንዴ ብዙም አይበልጥ።

«አልታመመም፣ ሥሩ ድንጋይ ላይ አርፎ ነው፣ ሰው ሁሉ እኩል ይረዝማል እንዴ?» ብል ማን ይስማኝ፣ በሽተኛ የሚለው ደግሞ ወንበር ላይ ካልቆመ የማይታይ ሰው!

«ዝም ብለህ ሳብ» አለኝ ሰይድ፣ «አብዮት አደናቃፊ ተብለህ እኔንም እንዳታስበላኝ።»

እየተናደድኩ ቆረጥኩት። ከግርጌው አንድ ክብ ቁራጭ አስቀረሁና ቁጭ አልኩ፣ አስተማሪያችን የዛፍ ዕድሜ በቀለበቱ ይቆጠራል ብሎን ነበር፣ በምራቄ አርጥቤ ከመሃሉ ጀምሬ ቆጠርኩ። አሥራ አንደኛውና አሥራ ሁለተኛው እንደ ተነከሰ ከንፈር ተጣብቀዋል፣ ገባህ አይደል፣ ያ ታናሼን የቀበርንበት ክፉ ቀን ነው። ከዚያ ወፈር ወፈር እያለ ሃያ አንድ ደረሰ፣ እኔም ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ግን ሌላ አንድ አለ፣ ከፀጉር የቀጠነ፣ እንጨቱ ሁሉ እርጥብ ሆኖ እሱ ብቻ ደርቋል።

«ሃያ ሁለት» አልኩ።

«በልግና ክረምት ሁለቴ ከዘነበ ሁለት ቀለበት ያወጣል» አለ ሰይድ።

«ታዲያ በሌላው ዓመት በልግ አልዘነበም?»

«ወላሂ አንተ ከእንጨትም ጋር ትጣላለህ!»

በጥፍሬ ነካሁት። እመነኝ፣ ድምፅ አወጣ። ቅል የጎተራ ወለል ሲፍቅ ታውቃለህ፣ ክርር፣ ክርር የሚለው፣ እናቴ በዚያ በረሃቡ ጊዜ የመጨረሻዋን ገብስ ስትጠርግ የሰማሁት፣ እሱው ራሱ። እጄን አነሳሁ፣ አልቆመም። ሰይድ መጋዙን ጥሎ «ቢስሚላህ» አለ። ዛሬ ሲጠየቅ ነፋስ ነው ይላል፣ አንዲት ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀችም!

የእህቴ የየሺ ሠርግ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ያለን ገብስ በሙሉ ለድግስ ሊወጣ ነው።

«አባዬ፣ ግማሹን ያቆዩት» አልኩ።

«በምን ምክንያት?»

«እንጨቱ...»

«እንጨቱ! ትምህርት ቤት የላክሁህ ከእንጨት ጋር እንድትመካከር ነው? ልጄን በአማቾቿ ፊት ላዋርዳት?»

ክርክሩን ተውኩት። ሁሉም መካነ ሰላም ገበያ በሄዱበት ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ ግማሹን ገብስ ቀበርኩ፣ ጎተራውን ከሥር ጭድ ሞልቼ ከላይ በቀረው ሸፈንኩት። ሲታወቅ አባቴ በዱላ አባረሩኝ፣ ድግሱ ሳሳ፣ የሺም «ወንድም የለኝም» ብላ ወደ ባሏ አገር ሄደች። ቢመቱኝም ቢረግሙኝም የቀበርኩበትን አላሳየሁም።

በልጉ ቀረ። ክረምቱም ቀረ። የሺ ባሏን ደግፋ መጥታ በራችን ላይ ቁጭ ያለች ዕለት ጉድጓዱን ከፈትኩ። ዛሬ በሕይወት ያለነው በዚያ ገብስ ነው፣ የሺ ግን እስከ ዛሬ ስለዚያ አንድ ቃል አልተናገረችም፣ እኔም አላነሳሁባት።

ያን ክብ እንጨት አልጋዬ ሥር አኑሬዋለሁ፣ ከተቆረጠ ሁለት ዓመት አልፎታል። ዘንድሮ አዝመራው ሸጋ ነው፣ ጎተራው ሙሉ ነው፣ ሰው ሁሉ ሠርግ ሠርግ ይላል። ትናንት ከሰዓት እንጨቱን ሳወጣው እጄ ላይ ትኩስ ሙጫ ተጣበቀ። ቅርፊቱ ተሰንጥቋል፣ ከውስጥ የሚገፋው ያለ ይመስል።

«ደርቆ ነው የተሰነጠቀ» አለ ሰይድ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ አልገባም።

«ሙጫውስ?»

ዞሮ ሄደ።

ቅርፊቱን አላነሳሁም፣ አልቆጥርም። ዶማዬን ይዤ ወደ ቤቱ ጀርባ ወጣሁ። አባቴ ተከትለውኝ መጡ፣ ሊቆጡ ነው ብዬ ጠበቅኩ፣ እሳቸው ግን ጆሯቸውን ወደ ቤቱ አዘነበሉ።

«ቤት ውስጥ ጎተራ የሚፍቅ ማን አለ?» አሉኝ።

«ማንም የለም።»

ጋቢያቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ጣሉ።

«የቱ ጋ ነው የምንቆፍረው?»