ሞተሩ የሚተነፍስበት

«ደግሞ መጣ!» አለች ኣምለሰት በልቧ። መደሰቷ ራሷንም አሳፈራት፤ ደስታው ግን አልጠፋም።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ዘርዓይ ቀዩን ሞተር ሳይክሉን እየገፋ ወደ ጋራዡ ሲገባ ላቡ ኮሌታውን አርሶታል። በአሥር ቀን ውስጥ ሞተሩን ሲመልስ ይህ ሦስተኛው ነው። የክትባት መድኃኒት የሚይዝባት የበረዶ ሣጥን ከኋላ መቀመጫው ላይ እንደታሰረች ናት።

«ኣያ ሰረቀብርሃን፣ ኧረ ምን በደልኩዎ?» አለ ሞተሩን አቁሞ። «ወደ ነፋሲት ስወርድ ደህና ነበር። ስመለስ ዳገቱን ሳላጋምስ እንደ ፍም ጋለና ቀጥ አለ። እስከ ጎዳይፍ ፌርማታ በጭነት ማኪና ተጭኜ፣ ከዚያ ወዲህ በግፊያ!»

የኣምለሰት አባት አቶ ሰረቀብርሃን ከወንበራቸው ሳይነሱ ሞተሩን ቃኙት። ቀኝ እጃቸው እስከ ክርናቸው በጀሶ ታሽጎ በሻሽ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ተመልሶ!» ብለው ጠሩ።

ተመልሶ የሚባለው ልጅ ጓሮ ውስጥ ጎማ እያጠበ ነበር። ኣምለሰት ደግሞ መጥረጊያዋን ይዛ ከሞተሩ ሁለት እርምጃ ላይ ቆማለች። የተጠራው ግን ተመልሶ ነው።

ኣምለሰት አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ከትምህርት ቤት መልስ የምትውለው እዚህ ነው። የሞተር ድምፅ ከመንገድ ማዶ ሰምታ በሽታውን የምትናገር ልጅ ናት። በዚያ በ1958 ዓ.ም. ሰኔ አባቷ ከመሰላል ወድቀው እጃቸው ሲሰበር፣ አዝናም ቢሆን «አሁን እኔ እፈለጋለሁ» ብላ ነበር። አባቷ ግን መንደፈራ ለሚኖር ወንድማቸው ደብዳቤ ጻፉ። ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ፣ የወንድማቸው ልጅ፣ በአንዲት የካርቶን ሻንጣ ከች አለ። ከኣምለሰት በአንድ ዓመት ይበልጣል፤ ካቻቢቴ አያያዝ እንኳ በቅጡ አያውቅም ነበር። እጃቸው ሲሰበር የሰው እጅ ተዋሱ። የእሷ ሁለቱም እጆች እኮ እዚያው ቤት ውስጥ ነበሩ! «ከእጅ አይሻል ዶማ» ትል ነበር፣ ተመልሶ ቁልፍ ባመለጠው ቁጥር፣ እንዲሰማት ጮክ ሳትል፣ እንዳይሰማትም ዝቅ ሳትል።

አባቷ አሁን በግራ እጃቸው ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ያለችውን በርጩማ አመለከቱ። ለሃያ ዓመት እሳቸው ብቻ የተቀመጡባት በርጩማ ናት።

«ስማ ተመልሶ፣ የዚህን ሞተር ችግር ራስህ ካገኘኸው ከመስከረም ጀምሮ በርጩማዋ ያንተ ናት። ኣምለሰት ታይፕ ትማራለች። አማርኛዋ ጥሩ ስለሆነ መንግሥት መሥሪያ ቤት ትገባለች።»

እሷ የሌለች ይመስል ነበር አነጋገራቸው። ኣምለሰት የመጥረጊያዋን እጀታ ጨበጠች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የንጉሡ ፎቶ እንኳ ተመልሶን የሚያይ መሰላት።

ሞተሩ ለምን እንደሚግል ከዚህ ሁሉ ሰው የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥር ቀን በፊት ሞተሩ ለተራ ዕድሳት መጥቶ ነበር። አቶ ሰረቀብርሃን አንድ ሕግ አላቸው፤ ከእሳቸው ጋራዥ የሚወጣ ሞተር የማይታየው ክፍሉም እንደሚታየው ማማር አለበት። ከክዳን ሥር የተደበቀውን ብረት ሁሉ በጥርስ ብሩሽና በቤንዚን ያጥባሉ። ተመልሶ ይህን ሰምቶ ከዚያም ሊያልፍ ፈለገ። የመስኮት መዝጊያ ከተቀባበት የተረፈ ግራጫ ቀለም አገኘ። አቶ ሰረቀብርሃን ሐኪም ቤት በሄዱበት የሞተሩን ቆርቆሮ ክዳን ከፈተ።

«ሓፍተይ» አላት ብሩሹን ይዞ፣ እህቴ ማለቱ ነው። «እነዚህን ክንፎች ብቀባቸው ሓወቦይ ደስ ይላቸው ይሆን?»

ሓወቦይ የሚለው አጎቱን፣ የእሷን አባት ነው፤ ክንፎች የሚላቸው ደግሞ በሲሊንደሩ ዙሪያ የተደረደሩትን ስስ ብረቶች ነው። ኣምለሰት ገና በዘጠኝ ዓመቷ አባቷ ጣቷን ይዘው በእነዚያ ብረቶች መካከል አሳልፈውታል። «ሞተር የሚተነፍሰው በዚህ ነው» ብለዋታል። ማራገቢያው ንፋስ ይገፋል፣ ንፋሱ በክንፎቹ መካከል ያልፋል፣ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ክፍተቱ ከተደፈነ ሞተሩ ይታፈናል። ያ ወፍራም ቀለም ደግሞ ክፍተቱን እንደሚደፍነው ግልጽ ነበር።

ተመልሶን አየችው። ፊቱ ላይ ያለውን ጉጉት አየች፤ አባቷ በአድናቆት ትከሻውን መታ መታ ሲያደርጉትም ታያት።

«ቀባቸው» አለችው። «ያምራሉ።»

ተመልሶ አሁን ከሞተሩ አጠገብ ተንበርክኮ አቶ ሰረቀብርሃን የሚሉትን ይፈጽማል። የቤንዚኑንና የዘይቱን ድብልቅ አዩ፤ ልክ ነው። የጭስ ማውጫውን ፈቱ፤ አልተዘጋም። ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ ሲወጣ ጫፉ ነጭ ሆኗል።

«ሲነጣ ከመጠን በላይ ግሏል ማለት ነው» አሉ አቶ ሰረቀብርሃን። «ማራገቢያው ይዞራል?»

«እወ ሓወቦይ፣ ይዞራል።» አቶ ሰረቀብርሃን ከክዳኑ ሥር ያለው በሕጋቸው እንደታጠበ ስለሚያምኑ ክዳኑን አላስፈቱም።

«ታዲያ ምንድን ነው የሚያግለው?» አሉና ሞተሩን አስነስተው ጆሯቸውን አስጠጉ። ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጧል። «እንጃ፣ ዘርዓይ። ምናልባት የኔ ጆሮ ነው ያረጀው።»

ዘርዓይ አቀርቅሮ ኮፍያውን አገላበጠ። «ነገ ጠዋት ነፋሲት ላይ ሕፃናት ለክትባት ይጠብቁኛል፣ ኣያ። ዛሬ በአሥራ አንድ ሰዓት እመጣለሁ። እስከዚያ ካልሆነ... ይቅርታ ያድርጉልኝና ፎርቶ አጠገብ ላለው ጋራዥ እሰጠዋለሁ።»

አቶ ሰረቀብርሃን «ልክ ነህ» ብቻ አሉ። እስከ ፌርማታው ሊሸኙት ሲወጡ ትከሻቸው ጎብጦ ነበር።

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል። ኣምለሰት እንዲወድቅ የፈለገችው ተመልሶ ነበር፤ አብሮት እየወደቀ ያለው ግን የአባቷ ስም ነው። እንዲህም ሆኖ አፏን መክፈት አልቻለችም። ብትናገር በርጩማዋን ታገኛለች፤ «ቀባቸው» ማለቷ ከታወቀ ግን ታጣታለች።

ተመልሶ ቁልፉን ወለሉ ላይ ጣለው። ዓይኑ ቀልቷል።

«መቼም የምችለው አይመስለኝም» አለ። «ሓወቦይ በየቀኑ ስለ አንቺ ነው የሚያወሩኝ። ‹ኣምለሰት ይሄንን በዘጠኝ ዓመቷ ታውቅ ነበር፣ ኣምለሰት ይሄንን አንዴ አይታ ያዘችው።› እንዴት እንደምቀናብሽ ብታውቂ!»

«በእኔ?» ሳቋ ጎምዛዛ ነበር። «ታዲያ ለምን እኔን አይጠሩኝም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ?»

ጠይቃቸው አታውቅም። ሁለት ወር ሙሉ ተቃጥላለች፣ አንድም ቀን ግን «ኣቦ፣ ስጠኝ፣ እኔ ልሥራው» ብላ አታውቅም።

መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ከደብተሯ አንድ ወረቀት ቀደደች።

«አስነሳው» አለችው።

ሞተሩ ሲነሳ ወረቀቱን ከቆርቆሮ ክዳኑ ሥር፣ ትኩሱ ንፋስ በሚወጣበት ቀዳዳ ፊት ያዘችው። ደህና ሞተር ቢሆን ወረቀቱን ከእጇ ሊነጥቃት በተገባው ነበር። ጫፉ ብቻ ትንሽ ተርገበገበ።

«ንፋሱ ይገባል፣ ግን አይወጣም» አለች። «መካከል ላይ ተዘግቷል።»

ተመልሶ ወረቀቱን፣ ከዚያ ክዳኑን፣ ከዚያ እሷን አየ። ቀለሙ እንደሆነ ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ክዳኑን ፍቱት» አለ ከበሩ በኩል የአቶ ሰረቀብርሃን ድምፅ። መቼ እንደተመለሱ አላዩም።

ክዳኑ ሲነሳ ግራጫው ቀለም ከሰልሎና ተሰነጣጥቆ፣ የመንገድ አቧራ ተለጥፎበት ታየ። ክንፎቹ ተጣብቀው አንድ ጓል ሆነዋል። አቶ ሰረቀብርሃን በግራ እጃቸው ጣት ዳሰሱት።

«ይህን ማን ቀባው?»

«እኔ ነኝ፣ ሓወቦይ» አለ ተመልሶ። ኣምለሰት ቀጥሎ የሚለውን ጠበቀች። ተመልሶ ግን አቀረቀረ እንጂ ሌላ ቃል አልጨመረም።

አባቷ ወደ እሷ ዞሩ። ያ ስትናፍቀው የነበረ አመለካከት ነበር፤ ከተመልሶ መምጣት በኋላ እንዲህ አይተዋት አያውቁም።

«ጓለይ» አሏት፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ችግሩን ያገኘሽው አንቺ ነሽ?»

አንድ ቃል ነው የሚፈለግባት። ቃሉም ውሸት አይደለም።

«እወ» አለች ኣምለሰት። «ግን ያገኘሁት ዛሬ አይደለም። ከመቀባቱ በፊት ጠይቆኝ ነበር። ቀባቸው ያልኩት እኔ ነኝ። እያወቅሁ።»



«ለምን?» አሉ አባቷ።

«ስላልጠራኸኝ።»

አቶ ሰረቀብርሃን በጀሶ የታሸገውን እጃቸውን ተመለከቱት። ከዚያ ቀስ ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ዘርዓይ በአሥራ አንድ ሰዓት ይመጣል» አሉ፣ ለማን እንደሆነ ሳይለይ።

ኣምለሰት የሽቦ ብሩሹን፣ የጥርስ ብሩሹንና አንድ ጣሳ ቤንዚን አመጣች። በርጩማዋ መንገድ ላይ ስለነበረች በእግሯ ገፋ አድርጋ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች። የጥርስ ብሩሹን ለተመልሶ ዘረጋችለት።

«ከታች ጀምር፣ ላዩን እኔ እይዛለሁ» አለችው። «ድሬሰር ዘርዓይ ሲመጣ ደግሞ አንተ ዝም በል። የምነግረው እኔ ነኝ።»