በፌበን ጉንጭ ላይ የነበረው ቀይ

የፌበን ሬሳ ባሮ ዳር አሸዋው ላይ ሲገኝ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ባሏ ኦጁሉ ታሰረ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ የፖሊስ አዛዡ ጎርደን ጄኔሬተር አስነሥቶ፣ ማስረጃውን ሊያይ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ነበር። ክልሉ ከተቋቋመ ገና ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ ወንበር የሌለው ቢሮ ሞልቷል፣ እንዲህ ያለ ፈጣን ፍትሕ ግን የትም አይገኝም።

ማስረጃው ፊልም ነው። አራት አምስት ሰዎች ከኪሳቸው አዋጥተው ባንዲት የሠርግ ካሜራ የሚቀርጹት፣ ገና ያላለቀ የወጣት ባልና ሚስት ጠብ። ባልየውን ኦጁሉ፣ ሚስቲቱን ፌበን ይጫወታሉ፤ በቤታቸውም ባልና ሚስት ናቸው። አዛዡ ኦጁሉ ሚስቱን በጥፊ ሲያጮላት ካሴቱን ወደ ኋላ እያጠነጠነ ሦስት ጊዜ አየ።

«ይኸው በዓይንሽ አየሽ» አላት መርማሪዋን ሃምሳ አለቃ ኛጋችን። «በሬሳዋም ጉንጭ ላይ ምልክቱ አለ። ስድስት ሰዓት ላይ መኪናው ወደ ወህኒ ይወስደዋል።»

«አዛዥ፣ ፊልም እኮ ነው።»

«ፊልም ከሆነ ለምን ይመታታል?»

ኛጋች ሰዓቷን አየች። ሁለት ሰዓት ተኩል ቀርቷታል፤ ወህኒ የገባ ሰው ፋይሉ የት ገብቶ እንደሚጠፋ ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ወንዙ ዳር ወርዳ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ቀሚሱ ተጨምቆ አያልቅም፤ ሹሩባዋ ውስጥ ደለል ገብቷል፤ ባፏ አረፋ ደፍቃለች። ማጅራቷ ላይ የአራት ጣት እብጠት አለ። የግራ ጉንጯ ግን ቀይ ነው፣ ቀይ እንደ ድልህ። ኛጋች በጣቷ ስታሸው እንደ ዱቄት ተፈረፈረ። መሐረቧን አርጥባ ጠረገችው፤ ከሥሩ ያለውንም ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ፊቷን በአንሶላ ሸፍና ወንዙ ላይ ተፋችበት።

መጀመሪያ ዶርቃን አነጋገረች። ዶርቃ የሟች የአክስት ልጅ፣ ፀጉር ሠሪ፣ በፊልሙም ፊት የምትቀባው እሷ ናት። እያለቀሰች እንደነገረቻት፣ ቁስል የሚሠሩት ከተፈጨ ቀይ ጠመኔ ነው፤ ቆርቆሮው ከካሜራው ጋር ይቀመጣል፣ ማንም ሊያነሣው ይችላል። ፌበን ትናንት «በቃኝ፣ አልሠራም» ብላ ነበር።

ካሜራ ያዡ ረድዋን፣ አቦቦ አካባቢ የሰፈሩ ገበሬዎች ልጅ፣ ኦጁሉ ሰሞኑን ሰላም እንደማይለው፣ ለምን እንደሆነ ግን እንደማያውቅ ተናገረ። ምክንያቱን የነገራት ራሱ ኦጁሉ ነው፤ በእስር ቤቱ ፍርግርግ በኩል፣ አንገቱን ደፍቶ። ሚስቱ ከረድዋን ጋር እንደምትወጣ ነግረውታል። የነገረው ደግሞ የፊልሙ ደራሲና አዘጋጅ መምህር ከፈለ ነው።

ከፈለ ንግግር ይችላል። ከደጋ መጥቶ ሦስት ዓመት አስተምሯል፤ ኛጋችንም እንደ ተማሪው አንቺ አላት። «ያሳዝናል» አለ። «ምን ታደርጊዋለሽ፣ እነዚህ ሰዎች አንዴ ከተናደዱ...»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«ማለቴ... ተዋንያን።»

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም አዛዡ ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ኦጁሉም እጁ እንደታሰረ ገባ። ካሴቱ ተከፈተ፣ ጥፊው ጮኸ፣ ጎርደን ሊያቆመው እጁን ዘረጋ።

«ተወው» አለች። «ሁልጊዜ እዚህ ላይ ታቆመዋለህ። ከተመታች በኋላ ምን እንደሆነች ማንም አላየም።»

ምስሉ ቀጠለ። ፌበን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዶርቃ ጉንጯን ትቀባለች። የዶርቃ ድምፅ፣ «መምህር፣ እኛ ስንመታ እንዲህ አንቀላም፤ ይጠቁራል፣ ያብጣል» ሲል ተሰማ። የረድዋን ሳቅ ተከተለ፤ «ጋሽ ከፈለ፣ ድልህ እኮ ነው የሚመስለው!» ከዚያ ከፈለ፦ «ተመትቶ የማይቀላ ሰው የለም። ጨምሪበት።»

ኛጋች ቴሌቪዥኑን አጠፋች።

«ፌበን ማጅራቷን ተይዛ ውሃ ውስጥ ተደፍቃ ነው የሞተችው። ልብሷም ፀጉሯም ይመሰክራል። የጠመኔ ዱቄት ግን ውሃ አይችልም፤ ውሃ ውስጥ ገብቶ ቢሆን ታጥቦ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ከወጣች በኋላ አንድ ሰው ሬሳ ቀባ። ለምን? ባሏ መታት እንድንል። ባሏ ራሱን ለማስያዝ አይቀባም። ዶርቃና ረድዋን ይህ ቀይ የሚያስቅ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሊያታልሉን ቢፈልጉ ያጠቁሩት ነበር። ሰው የሚያምነው መስሎት ቀይ የሚቀባ አንድ ሰው ብቻ ነው።» ወደ ከፈለ ዞረች። «ሦስት ወር ሙሉ ፊታችንን ቀረጽህ። አንድ ቀን አላየኸውም።»

«ይህ ግምት ነው... እርስዎ እንደ ሕግ ሰው...»

ኛጋች «እርስዎ» የሚለው አሁን ገና እንደመጣ ልብ አለች።

«ንዴቱ እውነተኛ እንዲሆንልህ ለኦጁሉ ዋሸኸው። ፌበን ደረሰችበት፤ ትናንት «በቃኝ» ያለችውም ለዚህ ነው። ዛሬ ጠዋት ወንዝ ዳር ጠራችህ።»

«ካሴቱን ውሃ ውስጥ ልትጥለው ነበር!» አለ ከፈለ፤ ከወንበሩም ተነሣ። «የሦስት ወር ሥራ ነው! አንድ ትዕይንት ብቻ ነበር የቀረን። አንድ!»

ረድዋን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ስድስት ሰዓት ላይ መኪናው ከፈለን ይዞ ሄደ። ኦጁሉ እጁ ተፈታና ኛጋች እግር ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ። እግሯን ሳበች።

«ቀዩን ስጠርገው ከሥሩ ሌላ አገኘሁ» አለችው። «የጠቆረ፣ ያበጠ፣ የሰነበተ። እሱ ጠመኔ አይደለም።»

«መምህሩ ዋሽቶኝ ነው፣ እህቴ... ተናድጄ...»

«ውሸቱ የመምህሩ ነው። እጁስ የማን ነው?»

ኦጁሉ የተፈታ እጁን የት እንደሚያደርገው አጥቶ ቆመ። ኛጋች ፋይሉን ገልጣ ብዕር አነሣች።

«እሱ የባልና ሚስት ጉዳይ ነው» አለ ጎርደን ከኋላዋ። «ፋይል ውስጥ አይገባም።»

አስገባችው።