የተቃጠለችው ቆርኪ

«ኢንዛይሙ እዚህች ጋ ሲደርስ ምን ያደርጋል?» አሉ ዳኛው፣ ጠርዟ በእሳት የጠቆረባትን ቀይ ቆርኪ በእስክሪብቶ እየነኩ።

«ቀጥ ይላል!» አለች ዮሃና።

ሳጂዳ ክው አለች። እሷና ጓደኛዋ ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ውድድር ሳምንቱን ሙሉ የለፉት እኮ ቀጥ እንደማይል ለማሳየት ነበር! የዮሃና አባት አትላስ ሰፈር ከሚሠሩበት ምግብ ቤት ያመጡላቸውን የለስላሳ ቆርኪዎች በአራት ቀለም ቀብተው፣ የባክቴሪያ ዲኤንኤ ፊደላት አድርገው ካርቶን ላይ ለጥፈዋል። ቀዩ ጂ ነው፤ ጥንዱ ሰማያዊው ሲ። ጂ እንደ ተቃጠለችው ቆርኪ በኦክስጅን ሲጎዳ ግን፣ ዲኤንኤውን የሚገለብጠው ኢንዛይም ብዙ ጊዜ ይሸወድና በሲ ፈንታ ቢጫውን ኤ አስቀምጦ መንገዱን ይቀጥላል። ሳጂዳ ይህን ያነበበች ቀን ራሷን ይዛ ነበር። ተሳስቶ እንዴት ምንም እንዳልተፈጠረ ያልፋል?

አሁን ከተቃጠለችው ቆርኪ ወዲያ ያለው ካርቶን ባዶ ነው። ከሥሩ በዮሃና ጽሕፈት «ኢንዛይሙ እዚህ ይቆማል» የሚል ተጽፏል።

«ሌሎቹ ቆርኪዎችስ?» አለች ሳጂዳ በሹክሹክታ።

«ታክሲ ውስጥ ተራገፉ። ከለሚ ኩራ እዚህ ድረስ ተጠቅጥቄ ነው የመጣሁት፤ ከሰው እግር ሥር ልልቀም? ይቆማል ብዬ ተገላገልኩ። አታካብጂ በናትሽ!»

ዳኛው የፊዚክስ መምህር ናቸው። «ግሩም! አጭርና ግልጽ» ብለው ነጥብ መሙላት ጀመሩ። አንደኛ የወጣ ለክፍለ ከተማው ውድድር ያልፋል። ዮሃና የሳጂዳን ክንድ ቆነጠጠች። «አለፍን! ዝም በይ ብቻ።»

ዝም ልትል ነበር። ብትናገር የዮሃና ውሸት በሰው ፊት ይወጣል፤ ዮሃና ደግሞ ካኮረፈች አኮረፈች ነው። ሳጂዳ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከእሷ ሌላ የልብ ጓደኛ የላትም።

ያኔ ነው ከዳኛው ጀርባ የተሰለፉትን የሰባተኛ ክፍል ልጆች ያየቻቸው። የፊተኛዋ አጎንብሳ «ኢንዛይሙ እዚህ ይቆማል» እያለች ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ካርቶኑ ያልታያት ሁለተኛዋ ከእሷ ደብተር ትገለብጣለች። ሦስተኛዋም ከሁለተኛዋ። ማንም ቀና ብሎ አልጠየቀም። ልክ እንደ ኢንዛይሙ፣ ስሕተቱን ይዘው መንገዳቸውን ሊቀጥሉ ነው።

«ቲቸር፣ ይቅርታ» አለች። «ኢንዛይሙ አይቆምም።»

ዳኛው ቀና አሉ። «ታዲያ ይህን ማን ነው የጻፈው?»

የዮሃና ፊት አመድ መሰለ። ሳጂዳ አላየቻትም፤ ብታያት መቀጠል የምትችል አልመሰላትም።

«ሁለታችንም» አለችና ማርከሩን አንስታ ጽሑፉን ሰረዘች። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረች። «ደብተራችሁን አትዝጉ፤ ገና የሚታረም አለ።»