እንግዳዬ አይጠራኝም

ማሂ የሻይ ብርጭቆውን ስታስቀምጥ ከማንኪያው ስር የሸሚዝ ቁልፍ ተወች። ቁልፍ ብትመስልም ድምፅ መጥለፊያ ናት። ጭልፊት በመዳፉ ሸፍኖ ወደ ኪሱ ከተታት።

ጭልፊት የግዳጅ ስሙ ነው። የጎባ ከተማ የምታውቀው በእውቀቱ የሚባል የማር ነጋዴ አድርጋ ነው። ማሂም ለሆቴሉ አስተናጋጅ፣ ለእሱ አለቃ ናት።

በሆቴሉ በሚካሄደው የፖከር ካርታ ውድድር ጭልፊትን ጨምሮ ሰባት ተጫዋች ቀርቷል። አንዱ ሲወድቅ ስድስቱ ለመጨረሻው ጠረጴዛ ሮቤ፣ ፍስሐ ቤት ይሄዳሉ። በጎሮ መንገድ ገበያተኛ የሚገድሉትን ሽፍቶች የሚያስታጥቀው ፍስሐ ነው። ቤቱ በሌላ መንገድ አይገባም።

«ፍስሐ ሰላይ እንዳለ ደርሶበታል» አለች ማሂ በሹክሹክታ፣ ስኳሩን እያቀረበች።

«ታዲያ?»

«ስም ሰጠነው።»

«የማንን?»

ዓይኗን ፊት ለፊት ወደተቀመጠው ባዳሳ ላከች።

ጭልፊት ብርጭቆውን አስቀመጠ። ቤቱ ያሳደረው፣ የሚስቱን የሰቢሪናን እራት ያካፈለው፣ ከሪራ ማር አምራቾች ጋር ያገናኘው፣ ለዚህ ጨዋታ ዋስ ሆኖ ያስገባው ባዳሳ ነው።

«የወደቀ በጓሮ በር ይወጣል። የፍስሐ ሰዎች እዚያ ናቸው። አንተ ብቻ እንዳትወድቅ።»

ሄደች።

ባዳሳ በገንዘብ ፋንታ ከሚያስይዙት ቺፕስ የቀረውን ሁሉ ወደ መሃል ገፋ። «ሁሉንም! ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ እኔን ትጠራለህ? ጨጨብሳዬ ሆድህ ውስጥ እያለ?»

ጠረጴዛው ሳቀ። መጥራት ማለት ያስያዘውን ያህል አስይዞ ካርታውን ማስገለጥ ነው።

መሃል ላይ አስና ንጉሥ ተዘርግተዋል። ጭልፊት የያዘው ጥንድ ዘጠኝ ብቻ ነው። ባላጋራው ሌላ ሰው ቢሆን ካርታውን ይጥል ነበር። ባዳሳን ግን ያውቀዋል። ጥሩ ካርታ ሲደርሰው አፉ ይዘጋል፤ ባዶ ሲሆን ይቀልዳል። ይህን ያጠናው እዚያው ባዳሳ ቤት፣ በባቄላ ፍሬ ሲጫወቱ ነው።

ቢተወው ባዳሳ ወንበሩ ላይ ይቆያል፤ ሊያስጠነቅቀው ይችላል። ግን የጭልፊት አብዛኛው ቺፕስ አስቀድሞ መሃል ገብቷል። ከተወው በሚቀጥለው ዙር ራሱ ይወድቃል። ሮቤም ትቀራለች፣ ሽፍቶቹም መግደላቸውን ይቀጥላሉ።

«ጠርቻለሁ» አለ።

ባዳሳ ካርታውን ገለጠ።

ባዶ።

«እኔ እኮ እንግዳዬ አይጠራኝም ብዬ ነው» አለ። ተነስቶ ጨበጠው። «ይሁን። ሮቤ አሸንፍልኝ። ሰቢሪና እራት ታቆይልሃለች።»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። በፊት ለፊት በር ውጣ ማለት ብቻ። የፍስሐ ሰው ግን ከግድግዳው ተደግፎ ያያቸዋል። ጭልፊት እፍረቱ ጆሮውን አቃጠለው፤ አፉን ግን አላስከፈተውም።

ባዳሳ በጓሮ በር ወጣ።

ቁልፏ አመሻሹ ላይ ፍስሐ ጠረጴዛ ስር ተለጠፈች። ሳምንት ሳይሞላ ፍስሐ ከነመሣሪያው ተያዘ። ባዳሳ ግን የት እንደደረሰ አልታወቀም። ጭልፊት ሲጠይቃት ማሂ «አትጠይቅ» አለችው።

ወደ ሻሸመኔ የተሳፈረበት ሚኒባስ ሲነሳ ስልኩ ጮኸ።

«በእውቀቱ? ሰቢሪና ነኝ። ባዳሳ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ያልጠየቅሁት የለም። አብራችሁ አልነበራችሁም እንዴ?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

«ሃሎ? ወንድሜ?»

«ተሳስተዋል፣ እህቴ።»



«ድምፅህን አውቀዋለሁ እኮ» አለች ቀስ ብላ።

ዘጋው። ሲሙን አውጥቶ በመስኮት ጣለው። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ ፊቱን አይተው «ደህና ነህ ልጄ? ማን ልበል?» አሉት።

«ደህና ነኝ አባቴ» አለና ሌላ ስም ነገራቸው።