የግራ ክንፉ ተጫዋች

ግዛው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው የተገደለው። ከቀኝ ጆሮው በላይ ያለው አጥንት ሰርጉዷል፤ ዓይኑ በደም ተሞልቶ ወጥቷል፤ ሁለት ጥርሱ ጠረጴዛው ላይ፣ በተጫዋቾች ስም ዝርዝር መሐል ወድቋል። ገዳዩ አንዴ መትቶ አልበቃውም። ሦስቴ ደጋግሞታል፣ ያውም እዚያው ቦታ ላይ።

በ1970 መጋቢት፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የፖሊስ መርማሪዋ የመቶ አለቃ ዘነቡ፣ ንፋስ ስልክ ካለው የጆንያ ፋብሪካ ስትደርስ፣ የአብዮት ጥበቃው መሪ ገብረ መድኅን የስፖርት ክፍሉ በር ላይ ጠመንጃውን ተደግፎ ይጠብቃት ነበር።

«በከንቱ ደከሙ፣ የመቶ አለቃ። ገዳዩን ይዘነዋል» አላት።

«ማን ነው?»

«ሙሉሰው፣ የሆኪ ቡድኑ አምበል። ትናንት የስፖርት ኃላፊው ግዛው ከተጫዋች ዝርዝር ሰረዘው። እሱም ‹ጭንቅላትህን ነው የምፈጠርቀው› ብሎ ሲጮኽ ፋብሪካው በሙሉ ሰምቷል። ዱላውም የራሱ ነው፤ ቁጥሩ እጀታው ላይ በእሳት ተጽፏል። ስድስት ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል፤ እንሸኘዋለን።»

መሸኘት በዚያ ዓመት ምን እንደሆነ ለዘነቡ የሚያስረዳት አያሻትም። ባለፈው ሳምንት ብቻ ከፉሪ ሜዳ የአራት የተሸኙ ሰዎች አስከሬን አስነስታለች፤ አንዱ ገና ጢም ያላወጣ ነበር።

«ስድስት ሰዓት ሩቅ ነው። እስከዚያ ሥራዬን ልሥራ» ብላ ገባች።

ክፍሉ ጠባብ ነው። የግዛው ወንበር በግድግዳና በመደርደሪያ መካከል ጥግ ውስጥ ተሸጉጧል፤ ከኋላው ድመት እንኳ አታልፍም። ዱላው ወለሉ ላይ ወድቋል። ዘነቡ ቁጢጥ ብላ አየችው። የሆኪ ዱላ ጫፉ ባንድ በኩል ጠፍጣፋ፣ በጀርባው በኩል ክብ ነው። ጠፍጣፋው ንጹሕ ነው፤ ቀለሙ እንኳ ያበራል። ደሙም ፀጉሩም የተጣበቀው ክቡ ጀርባ ላይ ነው።

የዕቃ ቤት ኃላፊው ሱልጣን ቆቡን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«ጋሽ ሱልጣን፣ ዛሬ ጠዋት ማን ማን ነበር?»

«ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰው ነው፣ ልጄ። ሙሉሰው ሜዳውን እየዞረ ይሮጥ ነበር። አስቴር፣ ጸሐፊዋ፣ ነበረች። ምክትሉ ጓድ እስጢፋኖስም ነበር። እኔ የግቢው በር ላይ ሻዬን ስጠጣ ቆይቼ ሁለት ሰዓት ላይ ቁልፍ ልሰጠው ብገባ… አላህ ለማንም አያሳይ።»

«ዱላዎቹ የት ነው የሚቀመጡት?»

«ይኸው ግድግዳው ላይ። የፈለገ ያነሳል።»

«ግዛውስ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

የሽማግሌው ፊት በራ። «የለቡ ልጅ ነው። የገና ጨዋታ ሲጫወት አንድ ሕንድ አስተማሪ አይቶት ነው ወደ ሆኪ ያመጣው። ሕንዱ ጨካኝ ነበር አሉ። በሆኪ በዱላው ክብ ጀርባ ኳስ መንካት ክልክል ነው፤ የነካ፣ ጣቱን በማስመሪያ ይቀጠቀጣል። ኋላ ሐረር ሄዶ ለጦሩ ቡድን ዘጠኝ ዓመት ተጫወተ። ጉልበቱ ሲሰበር ዱላውን ሰቅሎ እስክሪብቶ ጨበጠ። ሰው አበቃለት ሲል፣ እሱ አራት የፋብሪካ ቡድን አቋቋመ! ሙሉሰውንም ከጆንያ ተሸካሚነት አውጥቶ በዚያው በሕንዱ ማስመሪያ ነው ያሳደገው።»

ምክትሉ እስጢፋኖስ ቢሮው ውስጥ ነበር። የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀት ይንጣጣል፤ ሰውየው ግን የሱፍ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል።

«ግዛውን በደንብ ያውቁታል?»

«ወንድሜ ነበር እንጂ! ሐረር አምስት ዓመት አብረን ተጫውተናል። እሱ በመሐል፣ እኔ በግራ ክንፍ። ያገባቸውን ኳሶች ሁሉ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ለውይይት ክበቡ ጽሑፍ ሳዘጋጅ ነበር። ከዚህ አልወጣሁም።»

«አልሞቀዎትም?»

«ወባ አለብኝ፤ ይበርደኛል።»

«ይማርዎት» አለች ዘነቡ፣ ከግንባሩ ወደ አፍንጫው የሚወርደውን ላብ እያየች።

አስቴር ከጽሕፈት መኪናዋ ጀርባ ተቀምጣ፣ ቀና ሳትል ወረቀት ታስተካክላለች።

«ምንም አላየሁም፣ እትዬ። በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ አይጠይቁኝ።»

«አልጠይቅሽም። ግን ስድስት ሰዓት ላይ ሙሉሰውን የሚገድለው ጥይት ብቻ እንዳይመስልሽ። ያንቺ ዝምታም አብሮ ይገድለዋል» አለቻትና፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት አንድ ንጹሕ ዱላ፣ ከመደርደሪያው አንድ ነጭ ኳስ አንስታ ሙሉሰው ወደታሰረበት ቀበሌ ሄደች።

ሙሉሰው ሲሚንቶው ላይ ተጋድሟል። ውስጥ እግሩን በጎማ ገርፈውት እንደ ዳቦ አብጧል፤ ከንፈሩ ተሰንጥቋል።

«ገደልከው?»

«አልገደልኩትም። እገድልሃለሁ ማለቱንስ ብያለሁ።» አለቀሰ። «አባቴ ነበር እኮ! ለምን እንደሰረዘኝ እንኳ ሳይነግረኝ…»

ዘነቡ ደግፋ አስቀመጠችውና ዱላውን አስያዘችው። ኳሱን በግራው በኩል አኖረች።

«እስቲ ይቺን ምታት።»

ያበጡት እጆቹ ተንቀሳቀሱ። ዱላው ኳሱ ጋ ከመድረሱ በፊት መዳፉ ውስጥ ተገለበጠና በጠፍጣፋው መታት።

«ለምን አዞርከው?»

«ምኑን?» አለ ሙሉሰው። እውነትም ማዞሩን አላወቀውም።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲል ሁሉም በስፖርት ክፍሉ ደጅ ተሰበሰቡ። ሱልጣን፣ አስቴር፣ እስጢፋኖስ፣ የተጠሩት የቡድኑ አሥር ተጫዋቾች፣ ገብረ መድኅንና ጠመንጃው። ሙሉሰውን ሁለት ሰዎች ተሸክመው አመጡት።

«እኔ ይህን ጨዋታ አላውቀውም» አለች ዘነቡ። «ጓድ እስጢፋኖስ፣ የግራ ክንፍ ተጫዋች ለሟቹ እንዴት ያቀብለው እንደነበር ቢያሳዩኝ?»

ዱላውን ሰጠችውና ኳሱን በግራው በኩል አንከባለለችለት። እስጢፋኖስ ፈገግ ብሎ፣ ክንዱን ሰብስቦ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ለጋው። ኳሱ ግድግዳውን መትቶ ነጠረ።

«ጀርባ!» ብለው አሥሩም ባንድ አፍ ጮኹ። ከዚያ ሁሉም ወደ እስጢፋኖስ ዞሩ።

«አያችሁ? እኔ ሳልሆን እናንተ ናችሁ ያገኛችሁት» አለች ዘነቡ። «ግዛው የተቀመጠው ጥግ ውስጥ ነው፤ ከኋላው ሰው አይቆምም። ስለዚህ ገዳዩ ፊት ለፊቱ ነበር። የግዛው ቀኝ ለቆመው ሰው ግራው ነው። ዱላው የተሰነዘረው ከግራ ወደ ቀኝ ነው ማለት ነው። ሙሉሰው ከግራው ሲመታ ዱላው በራሱ እጁ ውስጥ ይዞራል፤ በማስመሪያ የገባ ነገር በቀላሉ አይወጣም። እሱ ቢሆን ኖሮ ደሙ ጠፍጣፋው ላይ ይገኝ ነበር። ደሙ ያለው ግን ክቡ ላይ ነው።»

«በገና ጨዋታ ነው እንጂ በሁለቱም በኩል የሚመታ!» አለ ሱልጣን።

«የተናደደ ሰው ስለ ዱላ አያያዝ ያስባል እንዴ?» ሲል እስጢፋኖስ ሳቀ።

«አያስብም። ለዚህ ነው እጁ የማይዋሸው። አምስት ዓመት በግራ ክንፍ የተጫወተ ሰው ተኝቶም ዱላ ያዞራል። እርስዎ የገና ጨዋታ እንጂ ሆኪ ተጫውተው አያውቁም። ትናንት ዛቻውን ሰሙ፤ ዛሬ የዛተውን ልጅ ዱላ መርጠው አነሱ።»

«ይህ ማስረጃ ነው?»

አስቴር ብድግ አለች። ከደረቷ በካርቦን የተገለበጠ ወረቀት አወጣች።

«ሐሙስ ዕለት ጋሽ ግዛው ያስጻፉኝ ደብዳቤ ነው። ‹እስጢፋኖስ ሐረር ተጫውቶ ስለማያውቅ፣ ተጫውቷል የሚለውን የምስክር ወረቀት አልፈርምም። ለምሥራቅ ጀርመን የስፖርት አስተዳደር ትምህርት በእሱ ምትክ ሙሉሰውን አቅርቤያለሁ፤ ስለዚህም ከተጫዋች ዝርዝር ወጥቷል።› ዛሬ ጠዋት ጓድ እስጢፋኖስ ዋናውን ከጠረጴዛዬ ላይ አንሥቶ አነበበና ወደ ጋሽ ግዛው ገባ። ሲገባ በሸሚዝ ነበር። ሲወጣ ወደ ቢሮው ሮጦ ይህን ኮት ለበሰ።»

ሙሉሰው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ዘነቡ የሱፍ ኮቱን አንገቱ ላይ ይዛ ወደ ታች ሳበችው። ቁልፎቹ ተበተኑ። ከሥር ያለው የካኪ ሸሚዝ ከደረት እስከ ክንድ በደረቀ ደም ተረጭቷል።

«በጆንያ ተሸካሚ ተካኝ!» ብሎ ጮኸ እስጢፋኖስ። «ምክትሉ እያለሁ! አንድ ፊርማ ምን ይጎዳው ነበር?» ዱላውን ወደ አስቴር ሲያነሳ አሥሩ ተጫዋቾች ሰፈሩበት። አፍንጫው ሲሰበር ተሰማ። ዘነቡ እየገፈታተረች ከመሐላቸው አወጣችውና እጁን በካቴና አሠረች።

የጭነት መኪናው መጣ።

«ተሳስተን ነበር፤ ሙሉሰው ይለቀቅ» አለ ገብረ መድኅን። «ያንን ጫኑት።»

«የእኔ እስረኛ ነው። ፍርድ ቤት ነው የሚቀርበው።»

«መኪናው ባዶውን አይመለስም፣ የመቶ አለቃ።»

በሩ ላይ ተጋረደች። አንዱ ጠባቂ በሰደፍ ጎኗን መትቶ ጣላት። እስክትነሣ ድረስ መኪናው ከነካቴናው ይዞት ሄዷል። ገብረ መድኅን ሲጋራ ለኮሰ። ተጫዋቾቹ የሙሉሰውን እግር በጨርቅ እየጠቀለሉ ሳለ ከፉሪ በኩል ሁለት ተኩስ ተሰማ።

ዘነቡ ጎኗን ደግፋ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። የምርመራ መዝገቧን አዲስ ገጽ ገለጠች፤ ሟች በሚለው ላይ እስጢፋኖስ ብላ ጻፈች። ተጠርጣሪ የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«ገብረ መድኅን ማን ልበል?» አለችው። «የአባትዎን ስም አልነገሩኝም።»