በስድስት ሰዓት የተጠጣ ወተት

መርማሪው በድረዲን ከደሴ ቆቦ የረሃብተኞች መጠለያ ሲደርስ ታሂር የተባለ በሽተኛ ከተቀበረ አራተኛ ቀኑ ነበር። አይ ጊዜ! በዚያ ረመዳን ሬሳ ማንንም አያስደነግጥም፤ የመጠለያው ሰው እንባው አልቆበታል። የታሂርን ሞት የለየው ክስ ማስከተሉ ነው፤ የክሊኒኩ ረዳት ሐኪም፣ ድሬሰሩ አላምረው፣ በመርፌ ገደለው ተባለ። ከተፈረደበት ከሥራው ተባርሮ ወህኒ ይወርዳል።

የዲሲፕሊን ጉባኤው በመድኃኒት ክፍሉ ተሰበሰበ። የክሊኒኩ ኃላፊ ካሣዬ የሟቹን ካርድ አነበበ።

«ከቀኑ በስድስት ሰዓት ወተት ጠጣ። አላምረው መርፌ ወጋው። ወዲያው ሞተ።»

«ቀን ተረኛ ነበርኩ፤ አልወጋሁትም» አለ አላምረው። «በአሥር ሰዓት መድኃኒት ላመጣ ሮቢት ከተማ ሄድኩ። ስመለስ ሞቷል።» ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር።

«አጠገቡ ማን ተኝቶ ነበር?» አለ በድረዲን።

«እህቱ ኡሙልኸይር» አለ ካሣዬ። «ግን በሽተኛ ጉባኤ ፊት ቀርቦ አያውቅም!»

«ኧረ ጉድ! ያልታመመው ሁሉ ሲያወራ የታመመው ዝም ይበል? አምጧት።»

ደግፈው አስገቧትና በርጩማ ላይ አስቀመጧት።

«እታለም፣ ወንድምሽ ያን ቀን ወተት ጠጣ?»

«በረመዳን? ሐኪሙ አላምረው ለምኖት ነበር። ‹ረሃቡ እንደሁ አልቀረልኝ፤ ለአላህ ላድርገው› ብሎ እምቢ አለ። እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትገባ፣ ውሃ አልቀመሰም።»

«በምን አፈጠረ?»

«በዳቦ። ስነቃ ሙሉ ዳቦ ይዞ ይጎርሳል። ማን እንደሰጠው አላየሁም። ለኔም ቆረሰልኝ፤ ጉሮሮዬ አልቀበል አለ።» ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች፤ የደረቀ የስንዴ ዳቦ ነው። «ከዚያ ሆዱን ይዞ ሲያቃስት ቆየና ሞተ።»

በድረዲን ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«በመግሪብ በሕይወት ከነበረ ካርዱ ውሸት ነው። ስድስት ሰዓት የተባለው ያኔ ተረኛው አላምረው ብቻ ስለነበረ ነው። ግን አላምረው ጾሙን ያውቃል፤ ያላወቀው ካርዱን የጻፈው ነው። ለበሽተኛ የሚታደለው ወተት ብቻ ነው፤ ዳቦ ያለው በተቆለፈው መጋዘን ነው። በረሃብ የተጣበቀ አንጀት ሙሉ ዳቦ እንደማይችል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አቶ ካሣዬ፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

ካሣዬ ኪሱን ነካ።

«ዓይኑ አላስቀምጥ አለኝ» አለ። «አሳዘነኝና ዳቦውን ሰጠሁት። ሲሞትብኝ ደግሞ ፈራሁ።»

ክፍሉ ውስጥ የተቆጣም የተገረመም አልነበረም። በድረዲን ወደ ኡሙልኸይር ዞረ።

«ሟቹ ያንቺ ነው። ጉባኤው ከመፍረዱ በፊት የምትይው አለ?»

«ምን እላለሁ ጌታው? ሐኪሙን ልቀቁት፤ ምንም አላረገ። እኚህንም አልረግማቸውም። ከዋጃ ስንወጣ ዘጠኝ ነበርን። ጠግቦ የሞተ ታሂር ብቻ ነው።»