ግራ እጁ የማን ነው?

«ሁለቴ! ቲቸር፣ ጉንዳን ሁለቴ ነው ያየችው!»

ራዲዮ ይህን ስትል የጓደኛዋን ክንድ ይዛ እንደ ባንዲራ ወደ ላይ ከፍ አድርጋው ነበር። ጉንዳን እጇን ለማውረድ ታገለች፤ ግን ዘገየች። የቋንቋ መምህሩ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በደስታ አዩዋት።

«በቃ፣ አርብ ውይይቱን የምትከፍቺልን አንቺ ነሽ» አሏት። «ከመጨረሻው ጀምሪልን። ፖስተኛው ደብዳቤውን ሲከፍት ምን እንደተሰማሽ ትነግሪናለሽ።»

ጉንዳን ፖስተኛው ደብዳቤውን ሲከፍት ምንም አልተሰማትም። ፊልሙን አንዴም አላየችውማ።

ጉንዳን ያሏት ቦርሳዋ ከሷ ስለሚበልጥ ነው። ራዲዮን ራዲዮ ያሏት ደግሞ አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት ስለሌለ ነው። ሁለቱ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ፊልሙ ስለ አንድ ፖስተኛ ሮቦት የሚተርክ፣ እነሱ ከመወለዳቸው ብዙ ዓመት በፊት በእጅ እየተሣለ የተሠራ ካርቱን ነው። ማን እንዳመጣው ሳይታወቅ እንደ ጉንፋን ትምህርት ቤቱን አዳረሰው። «እስካሁን አላየሽውም?» መባል «እስካሁን ጫማሽን ማሰር አትችዪም?» ከመባል አይተናነስም ነበር። የስፖርት መምህሩ ሳይቀሩ አልቅሰዋል ተብሎ ይወራል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ራዲዮ ዓይኗ አብጦ መጣችና «አንቺስ አለቀስሽ አይደል?» አለቻት።

«እንዴ! በጣም ነዋ» አለች ጉንዳን።

በቃ፣ ይቺው ናት። ዛሬ ማታ አየዋለሁ፣ ከዚያ እውነት ይሆናል ብላ ነበር። ግን የሒሳብ ፈተና መጣ፣ ከዚያ ጉንፋን፣ ከዚያ ሌላ። በሳምንቱ ራዲዮ «ደገምሽው?» ስትላት «አዎ» ማለት «አይ» ከማለት ቀለላት። አንዴ ያላየችው ፊልም ሁለቴ የታየ ሆነ።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ፊልሙ ያለበትን ፍላሽ ከቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ተዋሰች። ሰኞ እንድትመልስ ተነገራት። ፊልሙ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ እናቷ ከስፌት ቤት እስክትመጣ ደግሞ ሁለት ሰዓት አላት። አጎቷ የሰጣትን አሮጌ ላፕቶፕ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ ገመዱን ሰካች። ሙዚቃው እንደጀመረ በሩ ተከፈተ።

«የስፌት መኪናዬ ተሰበረና ዛሬ በጊዜ ለቀቁኝ» አለች እናቷ። የምትሰፋው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው፤ ልብሷ ላይ ሁልጊዜ ሰማያዊ የክር ቁራጭ አይጠፋም። ጫማዋን እያወለቀች ወደ ላፕቶፑ አየት አደረገች። «ምንድን ነው እሱ? ሰው የሚገዳደልበት ነው?»

«ካርቱን ነው እማዬ።»

«ካርቱንም ይገዳደላል» አለች እናቷ፤ ለማረጋገጥ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

ባዶ ከተማ ታየ። ዝናብ ይዘንባል። አንድ ረጅም፣ ግራጫ ሮቦት የቆዳ ቦርሳ ተሸክሞ በጭቃው ውስጥ ይሄዳል። ፊልሙ የሌላ አገር ስለሆነ ንግግሩ እየተተረጎመ ከሥር ይጻፋል። እናቷ አንገቷን ወደፊት ሰገግ አደረገች።

«ፖስታ… ቤቱ… ከተ…ዘ…» ጽሑፉ አለፈ። «ጠፋ!» አለች፣ ከእጁ ብርጭቆ እንዳመለጠው ሰው። «ወዴት ሄደ?»

ጉንዳን ምን እንደሚል ልትነግራት አፏን ከፍታ ነበር። የእናቷ ጣት ግን አሁንም አየር ላይ ነው፤ ፊደሎቹ የነበሩበትን ቦታ እየጠቆመ ቀርቷል። ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰችና አቆመችላት።

«ፖስታ ቤቱ… ከተዘጋ… ሰባት ዓመት… ሆኖታል።» እናቷ ዞር ብላ አየቻት። «እኔ ነኝ ያነበብኩት?»

«አንቺ ነሽ።»

እናቷ የጎልማሶች ክፍል መማር ከጀመረች አምስት ወሯ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ መልስ ደብተሯን በጨርቅ ጠቅልላ ትሄዳለች። ጉንዳን ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለራዲዮም ቢሆን። ጠይቋት የሚያውቅ ሰው የለም፤ እሷም ማንም እንዳይጠይቃት ተጠንቅቃ ነው የኖረችው።

ከዚያ በኋላ በየመስመሩ ማቆም ሆነ ሥራቸው። ፖስተኛውን ሲሠሩት አድራሻ ብቻ እንዲያነብ አድርገው ነው የሠሩት። የፖስታውን ላይ ላዩን ያነባል፤ ውስጡን መክፈት አይፈቀድለትም። አሁን ቦርሳው ውስጥ የቀረችው አንዲት ደብዳቤ ናት። የተላከችበት ቤት ግን ፈርሷል።

«እንደኔ በዪኛ!» አለች እናቷ። «እኔም እኮ መጀመሪያ የቻልኩት የአውቶቡሱን ሰሌዳ ነው። ውስጡ ምን ይላል ደብዳቤው?»

«እንጃ።»

«ይሞታል እንዴ በመጨረሻ? ቀድመሽ ንገሪኝ፣ በኋላ ልቤ እንዳይደነግጥ።»

«አላውቅም እማዬ!» አለች ጉንዳን። ስለዚህ ፊልም በሦስት ሳምንት ውስጥ የተናገረችው የመጀመሪያው እውነት ይህ ነበር።

እራት ሊሠራ ሲል ስንት እንደቀረ አየች። ያዩት ሃያ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው።

«ያለኔ እንዳታዪው» አለች እናቷ ሽንኩርት እየላጠች። «ቃል ግቢልኝ።»

«ለአርብ እኮ…»

«አርብ ምን አለ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ቃል ግቢ።»

«እሺ» አለች ጉንዳን።

ሐሙስ እናቷ እየሮጠች መጣች። የማታ ትምህርቷ ሳይደርስ አንድ ሰዓት ነበራቸው። ፊልሙ ላይ ዝናቡ አቁሞ ፖስተኛው ከዋሻ ወደ ብርሃን ወጣ። ጉንዳን መቀጠያውን ልትጫን ስትል እናቷ እጇን ያዘቻት።

«ቆይ!»

«አንብበሽ ጨርሰሻል እኮ።»

«ጽሑፉን ተዪው። እጁን እዪው፣ ግራ እጁን። የሱ አይደለም።»

«እንዴት የሱ አይደለም?»

«ከሌላ ጣቃ የተቆረጠ ነው» አለች እናቷ፣ ምንም ጥርጥር በሌለው ድምፅ። «እኛ ጋ ጨርቅ ሲያልቅ እጅጌውን ከሌላ ጣቃ የሚቆርጡ አሉ። ቤት ውስጥ ማንም አያውቀውም። ልጁ ለብሶ ፀሐይ ላይ ሲቆም ግን ያስታውቃል። ይኸው፣ ፀሐይ ላይ ቆመ።»

ጉንዳን ላፕቶፑ ላይ ልትደፋ ምንም አልቀራት። እውነትም አካሉ ግራጫ ነው፤ ግራ እጁ ግን ወደ አረንጓዴ ይላል። ጣቶቹም ይቀጥናሉ። ወደ ኋላ መለሰች። ዝናቡ ውስጥ አይለይም። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ የተዘጋው ፖስታ ቤት ድረስ ሄደች። አቆመችው።

ከጆንያዎቹ ክምር ጀርባ፣ ጥጉ ላይ፣ አረንጓዴ ሮቦት ተቀምጧል። አንገቱን ደፍቷል። ግራ እጅ የለውም።

ያ ሥዕል የሚታየው ለሁለት ሰከንድ ነው። ከሥሩ የተጻፈ ነገር የለም፣ ማንም ስለሱ አይናገርም።

«ይሄን እኮ ማንም አልነገረኝም» አለች ጉንዳን። ስለ ዝናቡ ነግረዋታል። ስለ ዘፈኑ ነግረዋታል። የት ቦታ ላይ ስንት ሰው እንዳለቀሰ ሳይቀር ነግረዋታል። ስለ እጁ ግን ትንፍሽ ያለ የለም።

«ሰጥቶት ነው ወይስ ወስዶበት?» አለች እናቷ እየተነሣች። «ወይኔ፣ ረፈደብኝ!» ካርቶን ላይ የሆነ ነገር ሞነጫጨረች፣ ደብተሯን አንሥታ ወጣች።

ጉንዳን ብቻዋን ቀረች። እናቷ እስክትመለስ ያለው ጊዜ ለቀረው አርባ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ይተርፋልም። ነገ ሃምሳ ልጅ ፊት ትቆማለች። ካላየችው ውሸታም እንደነበረች ራዲዮ በሁሉም ፊት ታውቅባታለች። ካየችው ደግሞ ማንም ምንም አያውቅም።

ፊልሙን ገፋ አድርጋ መጨረሻው ላይ ወሰደችው። አንድ ትንሽ ሥዕል ብቅ አለ፤ አረንጓዴ ጣቶች፣ ጫፉ የተቀደደ ፖስታ። ጣቷን መቀጠያው ላይ አደረገች።

ያን ጊዜ ነው እናቷ ተቀምጣበት የነበረው ቦታ ላይ ያለውን ካርቶን ያየችው። የእጅጌ መለኪያ ነው፤ እናቷ ጨርቅ የምትቆርጥበት። ላዩ ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ተጽፏል። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፣ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ዘሟል፦ «ግራ እጁ የማን ነው»።

ጉንዳን የእናቷን ጽሑፍ ታውቀዋለች። ሁልጊዜ አስተማሪዋ ሰሌዳ ላይ የጻፈችውን ነው የምትገለብጠው። ይህን ግን ማንም አላዘዛትም። ማወቅ ስለፈለገች ብቻ ጻፈችው።

ፊልሙን አሁን ብታየው፣ ነገ ከነገ ወዲያ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ እንዳላየ መሆን አለባት። በየመስመሩ። «ውስጡ ምን ይላል?» ስትባል «እንጃ» ማለት አለባት። ፊልሙን የነበረበት ቦታ መልሳ ላፕቶፑን ዘጋችው።

አርብ ክፍሉ ጢም ብሎ ነበር። ከጎረቤት ክፍል ሳይቀር መጥተው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ራዲዮ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጣ መሀረብ አዘጋጅታለች።

«እህሳ» አሉ መምህሩ።

ጉንዳን ቆመች። «መጨረሻውን አላየሁትም» አለች።

«ጮክ በዪ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«አላየሁትም! ሁለቴ አይቻለሁ ያልኩት ውሸት ነው። አንዴም አልጨረስኩትም። ግማሹ ላይ ነኝ።»

ክፍሉ ፈነዳ። «ሸወደችን!» «አቦ፣ ሙድ ያዘችብን!» ራዲዮ አልሳቀችም። መሀረቡን አጣጥፋ፣ አጣጥፋ፣ ትንሽ አደረገችው።

መምህሩ ዝም እንዲሉ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። «ታዲያ ምን ልትነግሪን ቆምሽ?»

«የምነግራችሁ የለኝም። የምጠይቃችሁ ግን አለኝ።» ወደ ክፍሉ ሁሉ ዞረች። «የፖስተኛው ግራ እጅ የማን ነው?»

«ምን እጅ?»

ነገረቻቸው፤ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ጣቶቹ፣ ከጆንያዎቹ ጀርባ ስላለው። ሁሉም ባንዴ ማውራት ጀመሩ። «ጥላ ነው እሱ!» «ጥላ ጣት ያቀጥናል?» «ሠዓሊው ቀለም አልቆበት ነው!» መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። «እኔ ስንቴ ነው ያየሁት…» አሉ ለራሳቸው።

«እጁማ የሱ ካልሆነ» አለ ከኋላ ያለው ልጅ እየተነሣ፣ «መጨረሻ ላይ ደብዳቤውን ሲከፍተው እኮ…»

ጉንዳን ሁለት ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች። «እንዳትናገር! በእናትህ እንዳትናገር!»

ወደ ቤት ሲሄዱ ራዲዮ ተዘግታ ነበር። እስከ ዋናው መንገድ ድረስ አንድ ቃል አልወጣትም። ይህ ሆኖ አያውቅም።

«አንቺ አለቀስኩ ስላልሽ እኮ ነው እንደገና አይቼ እንደገና ያለቀስኩት» አለች በመጨረሻ። «እንባዬን በከንቱ ነው የጨረስሽብኝ!»

«ይቅርታ።»

«ትናንትስ? ፍላሹ እጅሽ ላይ ነው። ቢያንስ ትናንት አይጨርሱትም?»

መብራት ጠፋ ማለት ይቻል ነበር። ቃሉ አፏ ውስጥ ተዘጋጅቶ መጥቷል። ጉንዳን የቦርሳዋን ማንገቻ ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«ከእናቴ ጋር ነው የማየው» አለች። «ማንበብ እየተማረች ነው። ከሥር የሚጻፈውን እያንዳንዱን አንብባ ስትጨርስ ነው የምንቀጥለው።»

ራዲዮ ቆመች። «እያንዳንዱን?»

«እያንዳንዱን። እጁንም ያየችው እሷ ናት።»

ራዲዮ መሀረቡን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ትንሽ ከሄዱ በኋላ «ቅዳሜ ልምጣ?» አለች።

«አንቺ አፍሽን መያዝ አትችዪም።»

«እጅጌዬን እጎርሳለሁ።»

እውነትም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አልጋው ላይ ሦስት ሆነው ሲቀመጡ ራዲዮ የሹራቧን እጅጌ አፏ ውስጥ ጎርሳ ነበር።

«ልጄ፣ ራበሽ እንዴ?» አለቻት የጉንዳን እናት ተጨንቃ።

«አይ እትዬ፣ እርስዎ ያንብቡ» አለች ራዲዮ በጎረሰችው እጅጌ መሀል።

እናትየዋ አነበበች። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ አሥር ሆነ። በየመሀሉ ራዲዮ ትቃትታለች፣ ግን አልተናገረችም። ፖስተኛው ደብዳቤዋ የተላከችላትን ሴት አገኛት፤ ሴትዮዋ አርጅታ ዓይኗ ጠፍቷል። ፖስታውን በዳበሳ ቀደደችና መልሳ ሰጠችው። አድራሻ ብቻ ማንበብ የሚያውቀው ሮቦት በአረንጓዴ ጣቶቹ ወረቀቱን አወጣው፣ ዘረጋው።

ከሥር ጽሑፉ መጣ፤ ሦስት ሙሉ መስመር። ጉንዳን አቆመችው።

ለሷ የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነው። የመጀመሪያዋን ቃል ልታነብ ዓይኗ ሄዶ ነበር። መለሰችው። ከላፕቶፑ ላይ ፊቷን አዞረችና የእናቷን ከንፈር ማየት ጀመረች።

እናቷ ጣቷን አነሣች፣ ትንፋሽ ሳበች።

ጉንዳን ጠበቀች።